ዳኛው እሁድ ይመጣል

እሁድ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ዶሮ አይደለም፣ የእናቴ ጩኸትም አይደለም። ላም ናት። በሸምበቆው ግድግዳ ስንጥቅ አፍንጫዋን አስገብታ ፊቴ ላይ ተነፈሰችብኝ። እኛ ደግሞ ላም የለንም። አባቴ ሳይሞት በፊት ነበሩን ይባላል፤ እኔ የማውቀው ግን ከኅብረት ሱቅ በካርድ የምንገዛውን ስኳርና ጣሪያው ስር የተሰቀለውን ደረቅ ዓሣ ነው። ሕልም መስሎኝ ዞሬ ልተኛ ስል ከውጭ የሴት ድምፅ፣ «ዳኛው ተነሥቷል?» አለ።

«የምን ዳኛ?» አለች እናቴ።

«ልጅሽ ያስመጣው ዳኛ ነዋ። ወረፋ ልያዝ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣሁት።»

እናቴ ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ነገሩ ሳይገባት ሲቀር፣ ሌላው ነገሩ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሲገባት። የትኛው እንደሆነ ከአልጋዬ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ብቻ ቆይታ «ግቢና ተቀመጪ» አለቻት። ይህን ያለችው ለአፏ ያህል ነው፤ ቤታችን መቀመጫ የለም። አግዳሚ ወንበር ነበረን። አባቴ በእጁ የሠራው፣ ሦስት ሰው የሚይዝ፣ ቀጫጭን ዘማሪዎች ከሆኑ ደግሞ አራት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ኒካው «ለአንድ ስብሰባ» ብሎ አስወሰደው፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስብሰባው እስካሁን አልተዘጋም ማለት ነው። ጓድ ኒካው የእናቴ የአክስት ልጅ ስለሆነ ደግሞ መልስ አይባልም። በተገናኙ ቁጥር ስለ ልጆች ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባሮ ሙላት ይጠያየቃሉ፤ ወንበሩን የሚያነሣ የለም። የወንበሩ አራት እግሮች የቆፈሯቸው አራት ጉድጓዶች ግን አሁንም ወለላችን ላይ አሉ። እናቴ ወለሉን በጭቃ ስትለቀልቅ ዙሪያቸውን ትዞራለች እንጂ አትደፍናቸውም። እንግዳ ሲመጣ ሰሌን ይነጠፋል፣ የከበደ እንግዳ ከሆነ ባዶው ጀሪካን ላይ ይቀመጣል። ባለላሟ ሴትዮ፣ ስሟ ኛሙዎች ነው፣ ጀሪካኑን አገኘች።

ወንድሜ ኪየር በዚህ ሁሉ መሀል ተኝቷል። አልጋው ለሱ አጭር ነው፤ የተረፈውን እግሩን የሚያሳርፍበት ባዶ የዘይት ጣሳ ከግርጌው እናስቀምጥለታለን። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቶ ስፖርት አስተዳደር የሚባል ትምህርት ይማራል፤ አሁን የመጣው ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። ይህን ትምህርት ዘመዶቻችን እንደ ሥጋ ተከፋፍለውታል። እናቴ «ስፖርት» የሚለውን ጥላ «አስተዳደር» የሚለውን ወሰደች፤ ለሰው ሁሉ ልጄ አስተዳዳሪ ሊሆን ነው ትላለች፣ የት ብለው ሲጠይቋት «የሚበቃው ቦታ ሲገኝ» ብላ ታልፋለች። አጎቴ ሉል ደግሞ «አስተዳደር»ን ጥሎ «ስፖርት»ን ያዘ፤ «ለጨዋታ ኮሌጅ? ልጅ ሳይማር የሚያውቀው እሱን ብቻ አይደለም እንዴ?» ይላል። እኔ እንኳ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ልጅ ግራ ቢገባኝ ባለቤቱን ጠየቅሁት። «ሌሎች ሲጫወቱ የሚያስፈልገው ሁሉ መሟላቱን ማየት ነው» አለኝ። ሳይሮጡ ማላብ ማለት ነው። ኪየር ራሱ ኳስ አይችልም። ለትምህርቱ የመለመሉት ሰዎች ቁመቱን አይተው ነው፤ ኳስ ወደሱ ስትመጣ እንደ ትልቅ ሰው ቆሞ መንገድ ይለቅላታል።

ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲለቃቸው ታዲያ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። በተወለዱበት አገር አንድ ግጥሚያ አዘጋጅተው፣ መካሄዱን የቀበሌ ሊቀ መንበር በማኅተም አረጋግጦላቸው እንዲመለሱ። ያለ ማኅተም የተመለሰ ወደቀ፤ የወደቀ ከኮሌጅ ወጣ፤ ዘንድሮ ከኮሌጅ የወጣ ረጅም ልጅ የት እንደሚገባ ደግሞ የማያውቅ የለም። ብሔራዊ ውትድርና ቁመት ይወዳል። ጓድ ኒካው ራሱ ዓርብ ዕለት ለኪየር፣ «አይዞህ፣ ይኼ ሜዳ ባይሆንልህ አገራችን ሌላ ሜዳ አላት» ብሎታል። ዘመዳችን ስለሆነ በፈገግታ ነው የተናገረው። እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም። የሚመለስበት አውሮፕላን ሰኞ ጠዋት ነው፤ ግጥሚያው እንግዲህ ዛሬ ካልሆነ የለም።

የዳኛው ነገር የመጣው ከማስታወቂያው ነው። አምና በላይኛው ሰፈርና በታችኛው ሰፈር ልጆች መሀል የተደረገው ግጥሚያ ያለቀው በድንጋይ ነበር። ኪየር ይህን ስለሚያውቅ ሕዝቡ እንዳይፈራ ብሎ ማስታወቂያውን እንዲህ አድርጎ ጻፈው፦ «እሁድ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ታላቅ ግጥሚያ ይካሄዳል። ለማንም የማያዳላ ዳኛ ተመድቧል። ጥፋት የሠራ ይቀጣል። የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ይግባኝ የለውም።» የቀበሌው ለፋፊ ቴኒ ይህን ይዞ ዓርብ ገበያ መሀል ቆመ፤ በአማርኛ አነበበው፣ ከዚያ በኑዌርኛ፣ ከዚያ በአኙዋክኛ ተረጎመው። ኳስ የሚል ቃል የትም የለበትም። አዲስ አበባ ግጥሚያ ሲባል ሕፃኑም ኳስ መሆኑን ያውቃል ይላል ኪየር፤ ቴኒ ግን «ሰውና ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት ቀን» አለው። ዳኛንማ ማን ያጣዋል? ዳኛ ማለት የሄደ ከብት የሚያስመልስ ሰው ነው። የከተማችን ዳኛ ወባ ጥሎት ወደ ደጋ ከወጣ ወዲህ ምትክ ስላልመጣ ሰዉ ጠቡን እንደ ዓሣ ጣሪያ ስር ሰቅሎ አቆይቶታል። እንዲህ ላለ ሕዝብ ነው እንግዲህ የማያዳላ፣ ይግባኝ የማያውቅ ዳኛ እሁድ ይመጣል የተባለው። ጥፋቱ የቴኒ አይደለም፣ የኪየርም አይደለም። ጥፋቱ የአማርኛ ነው። ለፍርድ ቤቱም ለኳሱም አንድ ቃል መድቦ ሌላ ምን ይጠበቃል?

«ተነሥ» አልኩት ኪየርን፣ «ተመልካች መጥቷል።»

«ስንት?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ፊቱ በራ።

«አንዲት ሴትና አንዲት ላም።»

ወጥቶ አየ። ከኛሙዎች ኋላ በመንገዱ ላይ ሌሎችም ይመጣሉ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመሀላቸው ደህና ርቀት ትተው፣ እንደ ተጣላ ሰው። አንዱ መረብ ተሸክሟል፣ አንዱ ፍየል ይጎትታል። ኪየር ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ወደ ቤት ተመልሶ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። አግዳሚ የለም። አዲስ አበባ ከርሞ ረስቶታል፣ ወለሉ ተቀበለው። እናቴ አላነሣችውም። እሷ ከአልጋ ስር ሣጥኗን ስባ፣ ለገና ብቻ የምትለብሰውን አበባ ያለበትን ቀሚስ እያወጣች ነበር።

«ማማ፣ ኳስ ልታዪ ነው?» አልኳት።

«ልጄን ላይ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

እኔና ኪየር ወደ ጋሽ አሸብር ቤት ሮጥን። ጋሽ አሸብር ከጎጃም የመጣ የጤና ረዳት ነው። የኳስ ዳኛ የሆነው ፊሽካ ስላለው ነው፤ ፊሽካው ያለው ደግሞ ለክትባት ዘመቻ ሰው እንዲጠራበት ስለተሰጠው ነው። አንቱ ማለት የኛ አማርኛ ላይ ገና አልደረሰም፤ ጋሽ አሸብር እንደመጣ ሰሞን ሕፃኑ ሁሉ አንተ ሲለው ይከፋው ነበር፣ አሁን ለምዷል። ስንደርስ በር ላይ ቆሞ ጥቁር ቁምጣውን በሳፋ ያጥባል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ላም ሊያመጡልህ ነው» አልኩት።

«ዳኛ ጉቦ አይቀበልም» አለ።

«ጉቦ አይደለም። ልታይላቸው ነው።»

«ታማለች? እኔ የሰው እንጂ የላም መርፌ የለኝም።»

ኪየር ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳው። ጋሽ አሸብር ቁምጣውን ሳፋው ውስጥ ለቀቀው። «እኔ ቁስል የማጥብ ሰው ነኝ» አለ፣ «ዛሬ ለአንዱ ብፈርድ ነገ ሌላው በጦር ይፈልገኛል። ደግሞ ያን ጊዜ የሚያክመኝ የለም፣ ሐኪሙ እኔው ነኝ። ሜዳው ካልተለቀቀ አልመጣም።» ኪየር እንደ ሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። ልመና አልተማረም።

«ተወው ጋሼ» አልኩት እኔ፣ «ግጥሚያው ይቅር። ኪየር ወታደር ይሆናል። ቆስሎ ሲመጣ አንተው ታጥብለታለህ።»

ጋሽ አሸብር ወንድሜን ከታች ወደ ላይ አየው፤ ይህ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። «የአንቺ ምላስ መርፌ ነው» አለኝና ቁምጣውን አንሥቶ ይጨምቅ ጀመር።

ሜዳው ስንደርስ ሜዳ አልነበረም። ኖራ ውድ ስለሆነ መስመሩን ያሰመርነው በአመድ ነው፤ ቅዳሜን ከየቤቱ አመድ ስንለምን ነው የዋልነው፣ የኔ ፀጉር እስካሁን ሽበት ይመስላል። የኛ ከብት ደግሞ አመድ የሚያውቀው መኝታው ላይ ነው፤ በረት ውስጥ ትንኝ እንዳይበላው ኩበት እየተጨሰለት በአመዱ ላይ ነው የሚያድረው። እና የኛሙዎች ላም መሀል ሜዳ ያለውን ክብ ስታይ አልጋ የተነጠፈላት መሰላት፤ ገብታ፣ ተንበርክካ፣ ሆዷን ዘርግታ ተኛች። የሌሎቹም ከብቶች የየድርሻቸውን መስመር ይዘዋል። ከላይ ለሚያይ የኪየር ሜዳ በላም የተሰመረ ነበር። ሰዉ በኒም ዛፎቹ ጥላ ሞልቷል፣ የአሮጊቶቹ ፒፓ ይጨሳል፣ ለውዝ ሻጮች በፍርድ ቀን ሰው እንደሚርበው ገብቷቸው የአንዱን ስኒ ዋጋ ከአሥር ሳንቲም ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርገዋል። ኳስ ተጫዋቾቹ በባዶ እግራቸው ዳር ቆመው ኳሷን በእጃቸው ይቀባበላሉ፤ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ አላገኙም።

ጓድ ኒካው ከማንጎው ስር ተቀምጧል። በምን ላይ? በኛ አግዳሚ ላይ። ካኪ ልብሱን ለብሶ፣ መሀሉ ላይ ብቻውን፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ። እናቴ ፊቱ ስትደርስ እንደ ልማዳቸው ሆነ።

«ኛቡዋይ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ልጆችህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሙቀቱ በዛ።»

«በዛ።»

ጓድ ኒካው ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ነይ ተቀመጪ» አላት። እናቴ «መቆም ይሻለኛል» ብላ ሄደች፤ የት እንደሄደች አላየሁም።

ጋሽ አሸብር በጥቁር ቁምጣ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ባርኔጣ ያለው አወለቀ። ዱዎት የሚባል ሽማግሌ፣ የኛሙዎች ባለጋራ እሱ ነው፣ ጠጋ ብሎ አየውና «ይህ እኮ መርፌ የሚወጋው ነው» አለ። ሌላው «ሱሪውን ምን አደረጉበት?» ብሎ ጠየቀ፣ ከልቡ አዝኖለት። ኪየር መሀል ገብቶ ከፋይሉ ወረቀት አወጣና «ውድ ተመልካቾች፣ በመርሐ ግብሩ መሠረት ሜዳውን እንድትለቁልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብሎ አነበበ። ቴኒ በሦስት ቋንቋ ጮኸው። በሦስቱም ቋንቋ የተነሣ የለም።

«ላሜ ሳይፈረድላት አልነሣም» አለች ኛሙዎች፣ «ላሜም አትነሣም።» ላሟም አልተነሣችም፤ ተጫዋቾቹ ጅራቷን ቢጎትቱ፣ ቢገፏት፣ ዓይኗን ጨፍና ታመሰኳለች። ፀሐይ ወደ ወንዙ ማዘንበል ጀመረች። ጓድ ኒካው ሰዓቱን አይቶ፣ «ኪየር ልጄ፣ ግጥሚያ ካልተካሄደ እኔ ምን ላይ ማኅተም ልምታ?» አለ። «ልጄ» ማለቱ ነው ያስፈራኝ።

የኪየር ወረቀት በላብ ርሶ እጁ ላይ ተጣበቀ። አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ያለ ወረቀት ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። «ጋሽ አሸብር» አለ፣ «ሰዉ የመጣው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ክርክር ይሁን፣ ሁለተኛው አጋማሽ ኳስ።»

«በምን ሕግ ነው የምፈርደው?»

«በኳሱ ነዋ። ሌላ ታውቃለህ?»

ጋሽ አሸብር አላውቅም አለ። ኪየር ባለጉዳዮቹን በረጃጅም ክንዱ እየሰበሰበ በወረፋ አሰለፋቸው፤ ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ይናገራሉ፣ ሁለተኛ ሲነፋ ያቆማሉ፣ በሌላው ንግግር የገባ ጥፋት ይቆጠርበታል። ቴኒን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ቴኒ ይበቃዋል» አለ፣ «ለዳኛው አንቺ አስተርጉሚ።»

የኛሙዎች ክስ አጭር ነው። የዱዎት ልጅ የሷን ልጅ ሲያገባ ይህች ላም ከጥሎሹ ጋር መጣች። ግን አመሻሽ ላይ ገመዷን በጥሳ ወደ ዱዎት በረት ትመለሳለች፤ ኛሙዎች ሄዳ ታመጣታለች፣ ላሟ ትመለሳለች፤ ወተቱን የሚጠጣው ዱዎት ነው። ዱዎት ደግሞ፣ «እኔ አልወሰድኳትም» አለ። «በእግሯ ነው የመጣችው። ላም የወደደችውን ታውቃለች፤ እኔ እንግዳ አላባርርም።» ኛሙዎች ይህን ስትሰማ ፊሽካ አልጠበቀችም፣ በቀጥታ በአማርኛ ዳኛው ላይ ጮኸች፦ «እሱ ውሸታም ነው! ላሙ እኔ ነኝ!» ሕዝቡ ሳቀ፤ ጋሽ አሸብር እጁን ኪሱ ከቶ ቢጫ ካርድ መዘዘ። የክትባት ካርድ ነው፣ ሌላ ቢጫ ነገር የለውም። ካርዱ ሲወጣ ግማሹ ሕዝብ ክንዱን ሸፈነ።

ጋሽ አሸብር አሰበ። ሲያስብ ፊሽካውን ያኝካል። «እንግዲህ በእግሯ ነው የመጣችው ካሉ» አለኝ፣ «አሁንም በእግሯ ትምረጥ። አንዱ በዚያ ጎል ይቁም፣ አንዷ በዚያ ጎል። ላሟ የገባችበት ያሸንፋል።» ተረጎምኩት። ዱዎት ፈገግ አለ፤ ኛሙዎች ፊቷ ጠቆረ፣ ላሟ እንደማትወዳት ታውቃለች። በየጎላቸው ቆሙ። ፊሽካ ተነፋ። ላሟ ለሁላችንም እምቢ ያለችው ለፊሽካው ግን ተነሣች፣ ምናልባት እሷም ተከትባ ይሆናል። ወደ ኛሙዎች ዞረች፤ ኛሙዎች የምታውቀውን የማባበያ ቃል ሁሉ ተናገረች። ላሟ ጆሮዋን አራገበችና ፊቷን ወደ ዱዎት አዞረች። ከዚያ ሕዝቡ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይጮህ ጀመር፤ አጎቴ ሉል፣ ያ ጨዋታ የሚንቀው፣ ባርኔጣውን እያወዛወዘ መስመሩ ዳር ከላሟ እኩል ይሮጣል። ላሟ መራመድ ፈጠነች፣ ምላሷ ወጣ። ላም ምላሷን የምታወጣው ለፍቅር አይደለም። የዱዎትን እጅ አየሁት። ቀኝ መዳፉ ተጨብጧል፣ በጣቶቹ መሀል ነጭ ነገር ያብለጨልጫል። ጨው።

«እጅ!» ብዬ ጮኽኩ፤ «ጋሼ፣ እጅ!»

ጋሽ አሸብር የትኛው ልማድ እንደቀደመው እንጃ፣ ሳያስብ ነው ፊሽካውን የነፋው። ሮጠ፣ የዱዎትን መዳፍ ፈለቀቀው፣ ጨዉ አመዱ ላይ ተበተነ፣ ላሟ ወዲያው ጎንበስ ብላ ላሰችው። «በእጅ ነክቷል!» አለ ጋሽ አሸብር፣ ጣቱን ወደ ኛሙዎች ጎል እየዘረጋ፤ «ፍጹም ቅጣት ምት!» እኔም ተረጎምኩ፦ በዚህ ሕግ በእጁ ያታለለ ተሸንፏል፣ ላሟ የኛሙዎች ናት። ዱዎት ወደ ጎሬ ፍርድ ቤት ወጥቼ እከሳለሁ ሲል ሕዝቡ ነው የመለሰለት፣ በአንድ አፍ፣ የዓርቡን ልፈፋ ሸምድዶት፦ «ይግባኝ የለውም!» ዱዎት መዳፉን ላሰ፣ ከዚያ ራሱም ሳቀ። «በረቴን ከፍ አድርጌ አጥራለሁ እንግዲህ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቀለለ። በአንድ ታንኳ የተጣሉ ወንድማማቾችን ጋሽ አሸብር አጋማሽ አጋማሽ አላቸው፤ ጠዋት ያንዱ፣ ከሰዓት የሌላው፣ በመሀል ዕረፍት፣ ከዕረፍት በኋላ ቦታ ለውጥ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጓድ ኒካው ከሁሉም በላይ ደስ አለው። «ይህን ሕዝብ ለስብሰባ ስጠራው ግማሹ ታሟል ይሉኛል» አለና ኪየርን ትከሻውን ሊይዘው ሞክሮ ክርኑን ያዘው። «አንተን አዲስ አበባ ምን ያደርግልሃል? እዚሁ ቅር። የቀበሌ አደራጅ አደርግሃለሁ፣ በየእሁዱ እንዲህ ትሰበስብልኛለህ። ለትምህርት ቤትህ እኔ እጽፋለሁ።»

ለሊቀ መንበር አይሆንም አይባልም፣ ለዘመድ ደግሞ ጭራሽ አይባልም። ልጁ ወድቆ ቢሆን ወታደር ሊሆን፣ አሁን ደግሞ ጎበዝ በመሆኑ ሊቀር ነው። እዚህ ከቀረ ደግሞ ያ ቁመት በሚቀጥለው ምልመላ ተደብቆ አያልፍም። ወረፋው እንዳለቀ መስሎኝ ዞር ስል አበባ ያለበት ቀሚስ አየሁ። እናቴ ከታንኳ ወንድማማቾቹ ኋላ ተሰልፋ ኖሯል።

«እኔም ክስ አለኝ» አለች።

ፊሽካ ተነፋ። ፊቷን ወደ ጋሽ አሸብር ብቻ አድርጋ በቋንቋችን ተናገረች፣ እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልተማርኩም። «ዳኛ፣ እኔ ሰው አልከስም። ዘመድ አይከሰስም። የምከሰው ወንበር ነው። ለአንድ ስብሰባ ብሎ ከቤት ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ላም እንኳ ቤቷን ታውቃለች፤ ይህ ወንበር ግን አያውቅም። የሞተ ባለቤቴ እጅ ሥራ ነው፣ ባለጌ አድርጎ አልሠራውም፤ ምን ነክቶት እንደቀረ ይጠየቅልኝ።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አለ ጋሽ አሸብር፣ ድምፁ ቀጠነ።

«እዚያ ነው። ዘመዴ ደክሞት ተቀምጦበታል።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ማንጎው ዞረ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ጋሽ አሸብር ፊሽካውን አፉ ውስጥ አስገባ እንጂ አልነፋም፤ እጁ ግን ሳያውቀው ወደ ቢጫው ካርድ ኪስ ሄደ። ኛሙዎች ከላሟ ጎን ሆና፣ አሁን የሕግ ሰው ሆናለች፣ «እጁን ይፍታ» አለች። ጓድ ኒካው እጁን አየ። ሁለቱም እጆቹ ወንበሩን ይዘዋል። ቀስ ብሎ አነሣቸው፣ ቀስ ብሎ ራሱም ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ። ከእናቴ ኋላ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ወረፋ መያዝ ጀምረዋል፤ አንዲት ሴት ለእናት አገር ጥሪ ተብሎ የተወሰደባትን አውራ ዶሮ በስሙ ስትጠራ ሰማሁ።

«ጊዜ እየሄደ ነው» አለ ጓድ ኒካው። «የመጀመሪያው አጋማሽ አልቋል። ኪየር፣ ወረቀትህን አምጣ።» ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ነው የሚይዘው፤ ፈታው፣ እፍ አለበት፣ ወንበራችን ላይ ጎንበስ ብሎ አንዴ መታ፣ ደግሞ እንዳይደበዝዝ ብሎ ሁለተኛ መታ። «ነገ በአውሮፕላኑ ሂድ» አለው። «ትምህርት ነው የሚያዋጣህ። አትቸኩል፣ ረጋ ብለህ ጨርስ።» ከዚያ ቴኒን ወደ ጎን ጠርቶ ሲያዘው ሰማሁ፦ «ከእንግዲህ በልፈፋ ላይ ዳኛ የሚባል ቃል እንዳልሰማ። ፊሽካ ነፊ በል።»

ሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ነበር። ጎል አልገባም። ኳሷ ማንንም በነካች ቁጥር ሕዝቡ «እጅ!» ይላል፣ እግር ብትነካም። በመጨረሻ የላይኛው ሰፈር ተከላካይ በጣም መታትና ባሮ ገባች፤ ባሮ የገባ ኳስ የአዞ ነው፣ በዚያው ተዘጋ። ወንበሩን ኪየርና አጎቴ ሉል ተሸክመው መጡ፤ ኪየር ስለሚረዝም ክብደቱ ሁሉ ወደ አጎቴ ይወርዳል፣ አጎቴ ግን በመንገዱ ሁሉ የሚያወራው ስለ ትምህርቱ ነው። «ከብት ያለበትን ጨዋታ ኮሌጅ ውስጥ ያስተምራሉ ብሎ ማን ነገረኝ?» ይላል።

እቤት እንደገባን እናቴ ወንበሩን ራሷ አስቀመጠችው። አራቱም እግሮች ጉድጓዳቸውን አገኙ። ከዚያ የሆነ ነገር ታወሳት፣ መልሳ አነሣችና ገለበጠችው፤ በሆዱ ላይ በቀይ ቀለም የቀበሌ ንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩን አላነበበችውም፣ ማንበብ አትችልም፣ እኔም እንዳነብላት አልጠየቀችኝም። «ከሜዳው የተረፈ አመድ አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። በአመዱና በውኃ፣ በገና ቀሚሷ ላይ ጨርቅ እንኳ ሳትደርብ፣ ቁጥሩ እስኪጠፋ ፈተገችው።

ኪየር ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ወንበሩ ታጥቦ ቦታው መመለሱን ሲያይ እግሩን ከዘይቱ ጣሳ አንሥቶ ወንበሩን ወደ ግርጌው ሳብ አደረገና ተረከዙን አሳረፈበት። የወንበሩ እግሮች ከጉድጓዳቸው ወጡ። እናቴ ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ ነገ ይሄዳል፤ አልጮኸችም።

«ለዛሬ ብቻ» አለችው።

ጓድ ኒካውም «ለአንድ ስብሰባ» ያለው ልክ እንዲህ ነበር።